በትምህርት ዕቅድ አናት ላይ ጥቅስ መጻፍ ሳይንስንና እምነትን ያገናኛል?

የባዮሎጂ መምህርት (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ መስከረም ላይ አስተዳደራችን አዲስ መመሪያ አወጣ። ከሒሳብ እስከ ሰውነት ማጎልመሻ በእያንዳንዱ የትምህርት ዕቅድ ላይ «የእምነት ትስስር» የምትል አንዲት ሳጥን ትኖራለች፤ ሳጥኗ ካልተሞላች ዕቅዱ አይፈረምም።

ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ወላጅ ልጁን እኛ ዘንድ የሚያመጣው ዕውቀቱና እምነቱ በአንድ ግቢ እንዲያድጉለት ፈልጎ ነው። እኔም እዚህ የቆየሁት ለዚሁ ብዬ ነው። ያሳሰበኝ ሳጥኗ የምትሞላበት መንገድ ነው። የፊዚክስ ባልደረባዬ ከኒውተን ሦስተኛ ሕግ ትይዩ ሰው የዘራውን እንደሚያጭድ የሚናገረውን ጥቅስ ጻፈ። የኬሚስትሪዋ መምህርት በሶዲየም ክሎራይድ ላይ «እናንተ የምድር ጨው ናችሁ» አለች። እኔ ራሴ ለብርሃን አስተጻምሮ «ብርሃን ይሁን» ብዬ ሞልቻለሁ። ልጆቹ ጥቅሱን ደብተራቸው ላይ ገለበጡ፣ ከሥሩ አሰመሩ፣ ወደ ትምህርቱ አለፉ። ስለ ጥቅሱ የጠየቀ የለም። ስለ ቅጠሉም ከሌላው ጊዜ የበለጠ የጠየቀ አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከክፍል ስወጣ ተከተለኝ። «መምህርት፣ ፈተና ላይ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው ብዬ እጽፋለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ስጠየቅ ደግሞ ዓለም ከተፈጠረ 7518 ዓመት ነው እላለሁ። በሁለቱም ሙሉ ነጥብ አገኛለሁ። እርስዎ የትኛውን ነው የሚያምኑት?» አለኝ። ደወል ተደውሎ ነበርና ነገ እንነጋገር ብዬ ሸኘሁት። ይኸው ሳምንት ሆነ፤ ያ ነገ አልመጣም። ሳጥኗ ውስጥ ለዚህ ልጅ ጥያቄ የሚሆን ቦታ የለም።

ሳይንስና እምነት በትምህርቱ ውስጥ በእውነት የሚገናኙበትን ቦታ ያገኘ መምህር አለ? አንዱ ሲነሣ ሌላው ሳይነሣ የማይቀርበትን ማለቴ ነው።

ቀመረኛው (ጥቅምት 4)

መምህርት፣ በሒሳብ በኩል አንድ አለልዎት። እኔ ባሕረ ሐሳብን፣ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የምናወጣበትን ቀመር፣ የማነሣው ስለ ማካፈልና ስለ ቀሪ ሳስተምር ነው። ሳጥን አያስፈልገውም፤ ራሱ ሒሳብ ነው። የዘንድሮውን እንዲህ እንሠራዋለን።

5500 ሲደመር 2018፣ ዓመተ ዓለሙ 7518። ለ4 ሲካፈል ቀሪው 2፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13፤ አንዱን ስለ ዘመን ስንተወው ወንበር የሚባለው ቁጥር 12። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴ 12። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 228፤ እንደዚሁ ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሆኑ አንድ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነውና ልጆቹ ራሳቸውን ያርማሉ። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ዋለ፤ ቀኑ እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18 እና 7፣ 25። እንግዲህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ትገባለች። ከዚያ 69 ቀን ስንቆጥር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። ልጆቹ ያገኙትን ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ጋር ሲያስተያዩት የሚነሣውን ጩኸት ብትሰሙት!

የምወደው ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። «ለምን 19?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። 19 የፀሐይ ዓመት፣ በ365 ከሩብ ሲሰላ፣ 6939 ቀን ከ18 ሰዓት ነው። 235 የጨረቃ ወር ከዚህ የሚያንሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ፀሐይና ጨረቃ የሚታረቁበትን ዑደት ነው የያዙት። አበቅቴስ ለምን በ11 ይሰላል? ከፀሐይ ዓመት 365 ቀን የጨረቃው 354 ሲቀነስ 11 ነዋ። አንዲት ተማሪዬ ደግሞ ያቺን ሰዓት ተኩል አልተወቻትም። በዐቢይ ቀመር፣ ማለትም በ532 ዓመት ውስጥ 28 ዑደት አለ ብላ አባዛቻትና ወደ 42 ሰዓት አደረሰቻት። ቀመሩ በሰማይ ካለችው ጨረቃ ቀስ እያለ እንደሚንሸራተት በወረቀት ላይ ደረሰችበት። ይህን ስታገኝ አባቶችን አልናቀቻቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸውን በአክብሮት የምትጠራው እሷ ናት፤ ሥራቸውን ሠርታ አይታዋለቻ።

ጠበቃው (ጥቅምት 5)

አጭር ነገር ነው የምናገረው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋማት ሊያቋቁሙ እንደሚችሉ ሲፈቅድም ይህን ገደብ ጠብቆ ነው። ብሔራዊውን ሥርዓተ ትምህርት በምታስተምሩበት ክፍል የሌላ እምነት ልጆችም ይቀመጣሉ። ባሕረ ሐሳብን እንደ ሒሳብና እንደ አገር ቅርስ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ መምህሩን በየፊዚክሱ ዕቅድ ላይ ጥቅስ እንዲጽፍ ማስገደድ ሌላ ነው። አስተዳደሩ ሳጥኗን ግዴታ ከማድረጉ በፊት የትምህርት ቢሮውን በጽሑፍ ቢጠይቅ ለራሱም ይበጀዋል።

እናት ከቨርጂኒያ (ጥቅምት 5)

መምህርት፣ ያ ልጅ ስለጠየቀዎት ደስ ይበልዎት። የእኔ ልጅ አልጠየቀም።

እዚህ አሜሪካ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ያስገባሁት አገሩ እንዳይውጠው ብዬ ነው። ትምህርት ቤቱ ፍቅር ያለበት ነው፤ መምህራኑ ስሙን እየጠሩ ይጸልዩለታል። የሳይንስ መጽሐፉ ግን ምድር 6 ሺህ ዓመቷ ነው ይላል፤ ከዚህ የተለየ የሚናገሩትንም ሁሉ የእምነት ጠላት አድርጎ ያቀርባል። 8ኛ ክፍልን ሲጨርስ ለክረምት አዲስ አበባ ሄድንና ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድነው። ድንቅነሽ ፊት ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህ ውሸት ነው» አለ። ጠባቂው ዞር ብሎ አየን። የልጁ አባት ተወልዶ ያደገው አሳይታ ነው። ድንቅነሽ የወጣችበትን የአፋርን ምድር ያውቀዋል፤ በልጅነቱ የረገጠው አፈር ነው። ምንም አልተናገረም፤ ልጁን እጁን ይዞ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ወሰደው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጄን የአባቱን አገር አፈር ሐሰተኛ እንዲል ያስተማረው እኔ የከፈልኩት ገንዘብ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን መከታተል ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ማኅበር የካሊፎርኒያን ዩኒቨርሲቲ ከስሶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ባሉ መጻሕፍት የተሰጡ አንዳንድ ትምህርቶችን ለመግቢያ መስፈርት አልቆጥርም በማለቱ ነው። ፍርድ ቤቱ በ2008 ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ፤ በ2010 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ልጄ ሐኪም መሆን ይፈልጋል። እምነቱን እንዲተው አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲ መምህሩ የድንጋይ ዕድሜ እንዴት እንደሚለካ ሲያሳየው፣ ከመጽሐፉ ጋር ክርስቶስንም አብሮ ይጥለው ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣለሁ።

ዲያቆን (ጥቅምት 6)

መምህርት፣ ጥያቄውን ሳይሸፍኑ ስላቀረቡት እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በሰንበት ትምህርት ቤት ሥነ ፍጥረት አስተምራለሁ። ያንን ልጅ 7518 እንዲል ያስተማረው እኔን የመሰለ ሰው ነውና መልስ የምሰጠው ከዚያ ቦታ ሆኜ ነው።

ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት ልጆቹ በጣታቸው እየቆጠሩ ነው የሚማሩት፤ እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4። ይህን የተማረ ልጅ ሰማይንና ምድርን ባለቤት እንዳለው ቤት አድርጎ ያያቸዋል። 5500 ደግሞ ተራ ቁጥር አይደለም። አዳም ከገነት ሲወጣ አምስት ቀን ተኩል ሲፈጸም ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ የተባለበት ቃል ኪዳን ነው፤ በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና። ልጁ 7518 ሲል «ተስፋው ተፈጽሟል» ማለቱ ነው። ይህን ቁጥር «የድሮ ሰዎች ግምት» ብላችሁ እንዳታቃልሉብን እለምናለሁ። እኔ ዘመኑን እንደ አባቶቼ እቀበለዋለሁ። ደግሞስ ባዮሎጂ ሰው ከዝንጀሮ መጣ እያለ ለልጅ ምን ክብር ይተውለታል?

የባዮሎጂ መምህርት (ጥቅምት 6)

ዲያቆን፣ ስለ አምስት ቀን ተኩሉ ያሉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሰንበት ትምህርት ቤት ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛልና ቁጥሩ ከኋላው ቃል ኪዳን እንዳለው ረስቼው ነበር።

ስለ ዝንጀሮው ግን ላርምዎት። ሳይንሱ ሰው ዛሬ በገደል ላይ ከምናያት ጭላዳ መጣ አይልም። ሰውም እሷም ወደ ኋላ ሲኬድ በሩቅ ዘመን የጋራ ቅድመ አያት አላቸው ነው የሚለው። ይህ ለእርስዎ ከመጀመሪያው የሚቀል ላይሆን ይችላል። ነገር ግን የማንስማማበትን ነገር በትክክለኛ ስሙ ካልጠራነው ልጆቹን በሐሰት እናጣላቸዋለን።

3.2 ሚሊዮኑም እንዲሁ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት የሐዳር ደለል በመሐሉ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች አሉት። በአመዱ ቅንጣቶች ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከእሱ ጥቂቱ፣ ፖታሲየም 40 የሚባለው፣ በጣም በዝግታ ይፈርሳል፤ ግማሹ እስኪያልቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ሲፈርስ ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። አለቱ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ በንኖ ይሄዳል፤ ሲረጋ ግን መውጫ ያጣና እዚያው ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን የለካ ሰው አመዱ ከወደቀ ስንት ዘመን እንደሆነው ያውቃል። ይህንን ለልጆቹ ሳላስረዳ 14 ዓመት ሙሉ «3.2 ሚሊዮን» ብቻ አስጽፌያቸዋለሁ። ለካ እኔም ቁጥሩን የሰጠኋቸው እንደ ጥቅስ ነው፤ ገልብጠው ከሥሩ እንዲያሰምሩበት።

ቀመረኛው (ጥቅምት 7)

ዲያቆን፣ ከእርስዎ ጋር ለመከራከር አይደለም፤ አንድ የሒሳብ ነገር ግን ልጨምር። «ባሕረ ሐሳብ ፋሲካን በትክክል ስለሚያወጣ 5500ውም በዚሁ ተረጋገጠ» የሚሉ ተማሪዎች ያጋጥሙኛል። በ5500 ፋንታ 6032 ብለው ይሞክሩት፤ 532 ጨመርኩበት ማለት ነው። ወንበሩ አይለወጥም፤ 532 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላልና። ወንጌላዊውም አይለወጥም፤ ለ4 ይካፈላል። ዕለቱም አይለወጥም። ነነዌም ፋሲካም እዚያው ቦታቸው ይውላሉ። ሌላ 532 ቢጨምሩም፣ ሺህ ጊዜ ቢጨምሩም ያው ነው። ስለዚህ ቀመሩ ስለ ዓለም ዕድሜ አይመሰክርም፤ አይቃወምምም። 5500ን የሚሸከመው እርስዎ ያሉት ቃል ኪዳን ነው። ያን የተሸከመው እምነት ነውና በሒሳብ ማረጋገጫ መደገፍ አያስፈልገውም።

ዲያቆን (ጥቅምት 7)

ሠርቼ አየሁት፤ እውነትዎን ነው። የኔታ ቢሰሙት ይወዱት ነበር።

ነርሷ (ጥቅምት 7)

ስለ ዕድሜ ስትነጋገሩ አላቋርጥም ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚሰጥበት ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሳይንስና እምነት በአንድ ሰው አካል ላይ ሲገናኙ በየሳምንቱ አይቻለሁ።

አንዲት እናት ጸበል ገብታ መድኃኒቷን ተወች። መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ነው ያላት ሰው ነበር። ተመልሳ የመጣችው የ9ኛ ክፍል ልጇ ደግፏት ነው። ልጁ ያልተዋጡትን ክኒኖች በላስቲክ ይዞ መጣና ቆጥሮ ነገረኝ። እሷን አላተረፍናትም። በዚያው ዘመን አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ጸበሉም ከእግዚአብሔር እንደሆኑና አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ አስተምረው ነበር። ቃሉ ከፓትርያርኩ ወጥቷል፤ እሷ ጆሮ አልደረሰም። ለልጇም በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የነገረው ሰው አልነበረም። ቫይረሱ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንዴት እንደሚያጠቃ ግን ተምሯል፤ ሥዕሉን መሳል ይችላል።

መምህርት፣ ሳጥኗን ስለ ኤች አይ ቪ በምታስተምሩበት ቀን እባክዎ ባዶ አይተዉአት። ጥቅስ አይደለም የምለምነው። «ጸበል የሚጠጣ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥም፤ ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ አትልም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው ይንገሯቸው።

የኒውተን ጥቅስ ጸሐፊ (ጥቅምት 8)

መምህርት፣ ያ የፊዚክስ ባልደረባዎ እኔ ነኝ። ዛሬ በመምህራን ክፍል አጠገብዎ ተቀምጬ መናገር ስላቃተኝ እዚህ እጽፋለሁ። ጥቅሱን የጻፍኩት በንቀት አይደለም። የድርጊትና የአጸፋ ኃይል በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ በአንድ ቅጽበት እንደሚያርፉ አውቃለሁ። መዝራትና ማጨድ ደግሞ በአንድ ሰው ላይ፣ በዘመን ልዩነት ነው። ልጆቹ ከጥቅሱ ተነሥተው ኃይሎቹ ተከታትለው የሚመጡ መሰላቸው፤ በፈተናው ወረቀት ላይ አየሁት። ጥቅሱም ሕጉም ተበላሹብኝ።

ሰሞኑን በሌላ መንገድ ሞከርኩ። ስለ ጆርጅ ሌሜትር አስተማርኳቸው። ቤልጅየማዊ የካቶሊክ ካህን ነው፤ አጽናፈ ዓለም እየሰፋ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳየ፣ በ1931 ደግሞ ሁሉ ነገር ከአንድ የመጀመሪያ ቅንጣት ተነሣ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበ። ልጆቹ ካህን መሆኑን ሲሰሙ ተነቃቁ፤ አንዱ «እንግዲያው ብርሃን ይሁን የተባለውን አረጋገጠ!» አለ። በ1951 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛም ወደዚህ የቀረበ ንግግር አድርገው ነበር። ሌሜትር ግን አልተደሰተበትም። ሳይንሳዊ መላምት ነገ ሊሻሻል ይችላል፤ እምነት ከእሱ ጋር ከታሰረ አብሮ ይናወጣል ብሎ ሰጋ። በጠዋት ቅዳሴ የሚቀድስ፣ ከሰዓት በኋላ ስሌት የሚሠራ ሰው ሁለቱን ለምን ለያያቸው ብዬ ጠየቅኋቸው። ደወሉ እስኪደወል ተከራከሩ። እኔ መልሱን አልነገርኳቸውም፤ ሌሜትር የለያያቸው ሁለቱንም ስለሚያከብራቸው ይመስለኛል።

ጂኦግራፊ ከደብረ ታቦር (ጥቅምት 9)

እኛ ጋ ሳጥኑ ከግቢው ውጪ ነው። የደቡብ ጎንደር ኮረብታ ከላይ ሲታይ እርሻ ነው፤ መሐል መሐሉ ላይ ክብ ክብ ጫካ ይታያል፤ በእያንዳንዱ ክብ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው የቀረው እዚያ ነው። ተማሪዎቼን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ገመድ አስይዤ በደኑ ዙሪያ ባለው ካብ ውስጥና ከካቡ ውጪ የበቀለውን ችግኝ አስቆጥራቸዋለሁ። ውጪ ከብት የረገጠው ነው፤ ምንም የለም። ከዚያ ቄሱን እንጠይቃለን፤ ደኑ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው ይሉናል። ካቡን ያሠራው ያ ቃል ነው፤ የዘሩን ነገር የሚያስረዳው ደግሞ ቆጠራው ነው። የሌላ እምነት ተማሪዎቼም አብረው ይቆጥራሉ፤ ጠበቃውም የሚቃወሙት አይመስለኝም።

የባዮሎጂ መምህርት (ጥቅምት 12)

ዛሬ ልጁን አገኘሁት። ሁለቱን ቁጥሮች ደብተሩ ላይ ጎን ለጎን ጻፍን፤ ከእያንዳንዱ ሥር ማን ቆጠረው፣ በምን ቆጠረው፣ ምን ሊናገር ቆጠረው ብለን ጠየቅን። በአንዱ ሥር አመዱንና አርጎኑን፣ በሌላው ሥር አምስት ቀን ተኩሉን ጻፈ። እኔ የትኛውን እንደማምን ጠይቆኝ ነበርና አልሸሸሁም። የድንቅነሽን ዕድሜ ማስረጃውን አይቼ እንደምቀበል፣ በፋሲካ ደግሞ ቃል ኪዳኑ ተፈጽሟል ብዬ በሙሉ ልቤ እንደማምን ነገርኩት። ስድስቱን ቀናት እንዴት እንደምረዳቸው ግን ገና አስቤ እንዳልጨረስኩ ነገርኩት። ረክቶ አልሄደም። «ዲያቆኑስ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?» አለኝ።

ርእሰ መምህሩን ከፊዚክሱ ባልደረባዬ ጋር አነጋግረናል። የሚያገናኝ ነገር በሌለበት ቀን ሳጥኗ ባዶ እንድትቀር እስከ መንፈቅ ዓመቱ ፈቅደዋል። የነርሷን ዓረፍተ ነገር ግን እኔ ዛሬውኑ ጽፌያታለሁ።

ዲያቆን፣ ኅዳር 15 ሰኞ ልጆቹን ወደ ብሔራዊ ሙዚየም እንወስዳለን። ድንቅነሽ ከተገኘች 51 ዓመት የሚሞላበት ቀን ነው። አብረውን ይመጣሉ? የማንስማማበትንም ጭምር ልጆቹ ፊት ቢናገሩ እወዳለሁ።

ዲያቆን (ጥቅምት 12)

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም የሚገባበት ቀን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ አለብኝ። ጠዋት ከሆነ 3 ሰዓት ላይ አምስት ኪሎ በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ። ልጁ ያንን ደብተር ይዞ ይምጣ።